እማማ፣ ምን ይዟል?

የበርበሬ ወቅት ነበር። የቡሬ ገበሬ ኅዳር ሲገባ ደጁን ሁሉ ቀይ ምንጣፍ ያለብሰዋል። እኔም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የወንድሜ ቤት ሄድሁ። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤው ነበር። ወንድሜ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከተሰጣው በርበሬ የተበላሸውን ይለቅማል፣ እኔ አግዘዋለሁ፣ ልጁ የበቆሎ አገዳ እየላጠ መኪና ይሠራል።

ድንገት ከሰማይ ድምፅ መጣ። ከሩቅ የሚጎተት፣ ረዘም ያለ ድምፅ። ቀና ብዬ አይቼ ዓይኔን ስመልስ ልጁ የለም። አገዳው ብቻ መሬት ላይ ወድቋል። ስንፈልገው ከጎተራው ሥር፣ ጎተራውን ከመሬት ከፍ ካደረጉት እንጨቶች መካከል፣ ተኮራምቶ አገኘነው። አላለቀሰም። ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠበቀና ብቅ ብሎ፣

«እማማ፣ ምን ይዟል?» አለኝ።

«አንቶኖቭ ነው፤ አላፊ ነው» አለ ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ። ለወንድሜ ከአሞራ በስተቀር በሰማይ የሚሄድ ሁሉ አንቶኖቭ ነው። ልጁ ግን ስሙን አልጠየቀም። የጠየቀው የያዘውን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በእኛ አካባቢ ልጆች ድምፅ ሲሰሙ ለምን እንደሚሮጡ ማብራራት የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። በዚህ ዓምድ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አራስ እንክብካቤ ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ግን ስለ ጭነት አውሮፕላን ላወራችሁ ነው። ነርስና አውሮፕላን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ የማወራው ለዚያ ልጅ ቃል ስለገባሁለት ነው።

መርፌ የያዘች ነርስ «አያምህም» ብላ ከዋሸች፣ ልጁ ለሁለተኛው ክትባት እጁን አይሰጣትም። ይህን በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! እናት «ምንም የለም ልጄ» እያለች እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ልጁ የሚያምነው እጇን ነው። ስለዚህ ያን ቀን «ምንም አልያዘም» አላልሁትም። «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልሁት። ማታውኑ ቦሌ የጭነት መጋዘን ውስጥ ለሚሠራው የእህቴ ልጅ ደወልሁለት። እሱም በአውሮፕላን ፍቅር ያደገ ልጅ ስለሆነ ስልኩን እንድዘጋ አልፈቀደልኝም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምሽቶች እሳት ዳር ለልጁ የነገርሁት ይህን ነው።

የጀመርሁት ከወንድሜ አንቶኖቭ ነው፤ ስሙን ያለ ምክንያት አይጠራውም። በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ፣ ሥልጠናውን ሲጨርስ ከደብረ ዘይት ወደ አስመራ የተጓዘው በአንቶኖቭ 12 ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ አራት ተሽከርካሪ ማራገቢያ ያለው፣ እስከ 20 ቶን የሚጭን የሶቪየት አውሮፕላን ነው። ጠንካራ ነው፤ በጠጠር ሜዳም ያርፋል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። አብራሪዎቹ ያሉበት ክፍል የአየር ግፊቱ ይጠበቃል፤ የጭነቱ ክፍል ግን አይጠበቅም። ለዱቄትና ለጥይት ምንም አይደለም፤ ዱቄት አይተነፍስም።

«ወለሉ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ነበር» ይላል ወንድሜ። «ጆሯችን ሊፈነዳ ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ብዙው ሰው እንቅልፍ ጣለው።»

ያን እንቅልፍ እኔ አውቀዋለሁ። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የሰሜንን ተራሮች ለመሻገር የሚበር አውሮፕላን ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። እዚያ ያለው አየር ስስ ነው። አንጎል ኦክስጅን ሲያንሰው ሰው ሊያንቀላፋ ይችላል። ዛሬ የወንድሜ ግራ ጆሮ አይሰማም። እኔ የአውሮፕላኑ ሥራ ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ «መድፉ ነው እታበባ፣ አውሮፕላኑን በከንቱ አትክሰሽው» ይለኛል። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ አልተስማማንም።

እኔ በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል አዲስ ነርስ ነበርሁ። ከሰሜን በአውሮፕላን የሚመጡ ቁስለኞችን እንቀበል ነበር። ደረቱን የተመታና በሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአልጋ አጠገብ ተማርሁ። የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል። ደጀን ላይ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ከድናችሁ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ይጨማደዳል፤ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ መልሶ ይነፋል። በደረት ውስጥ የታሰረ አየርም ሽቅብ ሲወጣ እንደዚያ ይነፋል፤ ሳንባውን ይጫነዋል። ስለዚህ «ምን ይዟል?» የሚለው ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፕላን ሠሪዎችም ሥራቸውን የሚጀምሩት በእሱ ነው። ሰው ከያዘ አንድ ዓይነት፣ ዱቄት ከያዘ ሌላ ዓይነት።

አንቶኖቭ 12ን ይተካል ተብሎ የተሠራው ኢሊዩሽን 76 ነው። የልጁ ዓይን የበራው እዚህ ላይ ስንደርስ ነው። ሶቪየቶች ለኢሊዩሽን የንድፍ ቢሮ የሰጡት ትእዛዝ ቀላል አልነበረም፤ 40 ቶን ጭነት 5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያደርስ፣ የሳይቤሪያን ብርድ የሚችል፣ አስፋልት በሌለው ሜዳም የሚያርፍ ጄት ሥሩ ነው የተባሉት። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1971 ነው፤ በእኛ መጋቢት 16 ቀን 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዛሬ በኡዝቤኪስታን ባለችው በታሽኬንት ከተማ ፋብሪካ ከዘጠኝ መቶ በላይ ተሠርተዋል።

ጭቃ ላይ የሚያርፍ ከባድ ነገር እግሩ ብዙ መሆን አለበት። ይህም በድምሩ 20 ጎማ አለው፤ አራት አራት ሆነው በአምስት እግር ተከፋፍለዋል። የጎማዎቹ ንፋስ በበረራ ላይ እያለ ሊቀነስና ሊጨመር ይችላል፤ ለለስላሳ መሬት ይቀነሳል። ክንፉ ከጀርባው በላይ ነው የተሰካው፤ አራቱ ሞተሮች ከመሬት ከፍ ብለው እንዲንጠለጠሉና ጠጠር እንዳይውጡ። በኋላ በኩል ጅራቱ ሥር ትልቅ በር ይከፈትና መወጣጫው መሬት ይነካል፤ መኪና በራሱ እየነዳ ይገባል። አፍንጫው ሥር ደግሞ የመስታወት ክፍል አለ፤ መንገድ መሪው እዚያ ተቀምጦ መሬቱን ቁልቁል ያያል። የጭነቱ ክፍል ደግሞ፣ ወንድሜ ይስማ፣ እንደ አብራሪዎቹ ክፍል የአየር ግፊቱ ይጠበቃል።

«ስንት ኩንታል ይጭናል?» አለ ወንድሜ፤ እሱም ከልጁ ባልተናነሰ ሰምጦ ነበር። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ጭነቱ አድጓል። የመጀመሪያው ከ28 ቶን አይበልጥም ነበር። በኋላ የመጣውና ሩቅ የሚሄደው ቲዲ የተባለው ወደ 48 ቶን ይጭናል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ፋብሪካው በሌላ አገር ስለቀረ፣ ሩሲያ ሥራውን ወደ ኡልያኖቭስክ አዛወረችና አዳዲስ ሞተሮች የገጠሙለትን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2012 አበረረች፤ ይህኛው 60 ቶን ይሸከማል። ወንድሜ የዘንድሮ በርበሬው ስድስት ኩንታል ነው። 48 ቶን ማለት 480 ኩንታል ነው። «ሰማንያ ዓመት ብታመርት አንድ ጊዜ ትሞላዋለህ» አልሁት። ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ግን አይሞላውም፤ በርበሬ ቀላል ስለሆነ ከክብደቱ በፊት ቦታው ያልቃል። የጭነት ሰዎች ለዚህ ነው ሚዛንም ሜትርም የሚይዙት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ አውሮፕላን አንድ አካል፣ ብዙ ሥራ ነው። ቲ እና ቲዲ የሚባሉት የሲቪል ጭነት ማመላለሻዎች ናቸው። ኤም እና ኤምዲ የሚባሉት ለጦር የተሠሩት ናቸው፤ ጅራታቸው ላይ የመትረየስ ቦታ አለው። ኢሊዩሽን 78 የሚባለው ነዳጅ ተሸክሞ በአየር ላይ ለሌላ አውሮፕላን ያጠጣል። ኤ-50 የሚባለው ጀርባው ላይ እንደ ምጣድ ያለ ክብ ራዳር ተሸክሞ ሩቅ ያያል። 42 ቶን ያህል ውኃ ይዞ የደን ቃጠሎ ላይ የሚያፈስ አለ። ጠፈርተኞች ክብደት አልባ ሆኖ መንሳፈፍን የሚለማመዱበትም አለ፤ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲጎነበስ ለሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ሁሉም ይንሳፈፋል። (ልጁ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።) እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። «ስካልፔል» ማለት የቀዶ ሕክምና ቢላ ነው፤ ይህን ስም የያዘ ኢሊዩሽን 76 አለ። በሆዱ ውስጥ የቀዶ ሕክምናና የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ተጭነውበት የሚበር ሆስፒታል ነው። እነዚያን ደረታቸው የተነፋ ወጣቶች ሳስታውስ፣ ያ ነገር በዚያን ጊዜ ቢኖረን ብዬ እቆዝማለሁ።

ልጁ ጥቂት ዝም አለና፣ «ከላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው?» አለኝ።

«ኤ-50 ምጣድ አለው፤ ሌሎቹ ይመሳሰላሉ» አልሁት።

«እንግዲያ ከሥር ሆኖ ምን እንደያዘ እንዴት ይታወቃል?»

አይታወቅም። ይህንኑ ነገርሁት። ወንድሜ በጎን በኩል አፈጠጠብኝ፤ ልጅን ማስፈራራት መስሎት ነው። እኔ ግን ከዚህ የባሰው፣ «የሚያልፈው ሁሉ ደግ ነው» ብዬው አንድ ቀን ውሸቴን ቢያገኘው ነው ብዬ አምናለሁ።

በምትኩ ሁለት ታሪክ ነገርሁት። በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያ በአየር ወደ አገራችን ስታጓጉዝ፣ ከአንቶኖቭ 22 ጋር ኢሊዩሽን 76ም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ከዚያ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አለፈ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሣ፣ መንገዱ በውጊያና በክረምት ጭቃ ተዘጋ። በ2006 ዓ.ም. ያው ኢሊዩሽን 76፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ሥር ሆኖ፣ ከጋምቤላ እየተነሣ እህል ይጥል ጀመር።

አጣጣሉን የእህቴ ልጅ በደንብ አስረድቶኛል። እህሉ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ ጆንያው ግን አንድ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይደራረባል። የውስጠኛው መሬት ሲመታ ቢቀደድ የውጪው ይይዘዋል። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ይመጣል። በመስታወቱ ክፍል ያለው ሰው የተመረጠውን ሜዳ ያያል፤ ሜዳው ላይ ምልክት አለ፤ ከብትም ሰውም እንዳይገባ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የኋላው በር ይከፈታል፣ አፍንጫው ትንሽ ቀና ይላል፣ ማሰሪያው ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተንሸራትቶ ይወጣል። አንድ ምልልስ 30 ቶን ገደማ ይሆናል፤ ስድስት መቶ ጆንያ ማለት ነው። በመኪና ከማድረስ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ መንገድ ሲገኝ ይተዋል። የእኛም አገር ይህን አይቶታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖች በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ እህል ጥለዋል፤ እነዚያ ግን ጄት ሳይሆኑ ባለ ማራገቢያ ነበሩ።

«ከሰማይ ማሽላ?» አለ ልጁ።

«ከሰማይ ማሽላ።»

«እዚያ ያሉት ልጆችስ ድምፁን ሲሰሙ ይሸሻሉ?»

ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «መጀመሪያ ሳይሸሹ አይቀሩም፤ ልብስ የሚያጥብ እስኪመስል እያጓራ ዝቅ ሲል ማን ይቆማል?» አልሁት። ወንድሜ በዚህ አልረካም፤ «በኋላ ግን ይለምዱታል» ብሎ ጨመረ።

ሁለተኛው ዓይነት የጭነት አውሮፕላን ዘሩ ሌላ ነው። ኢሊዩሽን 76 ከመወለዱ ለጭነት የተወለደ ነው። የእህቴ ልጅ ቦሌ ላይ ሲጫን የሚያየው ቦይንግ 777 ግን መጀመሪያ የመንገደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በረረ፤ በሚቀጥለው ዓመት መንገደኛ መጫን ጀመረ። ከዚያ ወንድምና እህት ተከታተሉ፤ ሩቅ የሚሄደው፣ ሰውነቱ የረዘመው፣ ከሁሉም ይበልጥ ሩቅ የሚሄደው። የመጨረሻው ከሆንግ ኮንግ ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ዞሮ ለንደን እስኪደርስ ሳያርፍ 21,602 ኪሎ ሜትር በረረ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሠሪዎቹ የዚህን ጠንካራ አካል ወስደው መስኮቱን ደፈኑ፣ ወለሉን አጠነከሩ፣ ጎኑ ላይ ስፋቱ 3.7 ሜትር የሆነ በር ከፈቱና የጭነት አውሮፕላን አደረጉት። እሱም እ.ኤ.አ. በ2008 በረረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ሲረከብ፣ በአፍሪካ ቀዳሚው ሆነ።

ከ100 ቶን በላይ ይጭናል። አይሱዙ 50 ኩንታል ቢይዝ፣ ሃያ አይሱዙ ማለት ነው። ሞተሩ ግን ሁለት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ሞተር ማራገቢያ ስፋቱ 3.25 ሜትር ነው፤ ወንድሜ ትከሻው ላይ ልጁን ተሸክሞ ቢቆምበት የልጁ ራስ ጫፉን አይነካም። ውስጡ ወንበር የለም። ወለሉ ላይ መንኮራኩሮች አሉ፤ ጭነቱ ፓሌት በሚባል ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተደርድሮ፣ በመረብ ታስሮ በእነሱ ላይ እየተንከባለለ ይገባል። በላይኛው ወለል 27 ፓሌት ይደረደራል፤ ታችኛው ሆድ ደግሞ የራሱን ይይዛል። መጀመሪያ ክብደቱ ተመዝኖ የት እንደሚቀመጥ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ የኋላው ከልክ በላይ ከበደ ማለት በረራው አደገኛ ነው ማለት ነው። አየር መንገዱ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የ777-8 የጭነት አውሮፕላኖችን ለመግዛት የመግባቢያ ሰነድ ከቦይንግ ጋር ተፈራርሟል፤ ያኛው ከ110 ቶን በላይ እንዲጭን የታቀደ ነው።

ይህን አውሮፕላን ቡሬ ሜዳ ላይ ማሳረፍ አይቻልም። በሩ ከመሬት በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ጭነቱን የሚያነሣና የሚያወርድ ማሽን፣ ረዥም አስፋልት፣ መጋዘን ይፈልጋል። ኢሊዩሽን 76 ሁሉን በራሱ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ 777 ደግሞ ድግሱ ተሰናድቶ የሚጠብቀው እንግዳ ነው።

«ይሄስ ምን ይዟል?» አለኝ እንደ ገመትሁት።

ሲሄድ ጽጌረዳ፣ የበግና የፍየል ሥጋ። ሲመለስ የመኪና መለዋወጫ፣ ስልክ፣ መድኃኒት። የቡሬም በርበሬ ይሄዳል፤ እሱ ግን በጭነት ወረቀት ሳይሆን በእናቶች ሻንጣ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። የእኔም ሁለት ኪሎ ባለፈው ዓመት ሚኒያፖሊስ ደርሷል።

ክትባትም ይመጣል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ሲያይ እኔ ሳጥኑን ነበር የማየው። ያ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መቆየት አለበት። አየር ላይ ይህን መጠበቅ አይከብድም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከበሩ ሲወጣ ነው። ከቦሌ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ። የመጨረሻዋ አውሮፕላን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ የምትንጠለጠል፣ በረዶ የተደረደረባት ትንሽ ሳጥን ናት።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በአንዲት ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣችን ሌሊት ክሩ ጠፍቶ አደረ። ክትባቱን ጠዋት ስነካው ሞቋል። በግቢው የኩፍኝ ክትባት የሚጠብቁ እናቶች ተቀምጠዋል፤ ሦስት ሰዓት በእግራቸው የመጡ ነበሩባቸው። ያ ክትባት ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። እናቶቹ ፊት ደፋሁት። «ለምን ትደፊዋለሽ? ስጪን እንጂ!» ያለችኝ ነበረች። ዛሬ በጠርሙሷ ላይ ሙቀት ሲያገኛት ቀለሟ የሚለወጥ ምልክት ስላለች ለማንም ማሳየት ይቻላል፤ ያኔ ግን ቃሌን ከማመን በቀር ምንም አልነበራቸውም። የሚቀጥለው ክትባት እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መካከል ኩፍኝ ገባ፤ ከዚያች ቀበሌ ሁለት ሕፃናት ቀበርን። ዊኩን ማታ ማየት የእኔ ተራ ነበር።

ይህንን ለልጁ አልነገርሁትም። ለእናንተ ነው።

ለልጁ የነገርሁት የመጨረሻው ነገር ስለ ነጩ መስመር ነው። ጄት በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲበር፣ እዚያ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሆነ፣ ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት ወዲያው በረዶ ይሆናል። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ የሚታየው ነጭ መስመር እሱ ነው። መስመር ያለው አውሮፕላን በጣም ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ሩቅ ቦታ ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ የሚያልፍ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ከፍ ያለውም መስመር ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ መስመር የለም ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ ነገርሁት። «ካልገባህ ደግሞ መጀመሪያ ግባና ተሸሸግ፤ በኋላ ጠይቀኝ» አልሁት። መሸሸጉን አልከለከልሁትም። ጎተራ ሥር መግባት ነውር አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከአገዳ የሠራውን አሳየኝ። መኪናው አውሮፕላን ሆኗል። ክንፉ ከጀርባው በላይ ነው፤ ሥሩ ላይ በጭቃ የተድቦለቦሉ ጎማዎች ተደርድረዋል፤ ሃያ ለማድረግ ሞክሮ አሥራ አራት ላይ ጭቃው አልቆበታል። ጅራቱ ሥር በር አለው። በሩን ከፍቶ ወንድሜ ከለቀመው በርበሬ ሦስት ፍሬ አስገባ፤ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቦርሳዬ የጣልሁትን ባዶ ጠርሙስ ጨመረ።

«ይሄ ማነው?» አለው ወንድሜ።

«አንቶኖቭ አይደለም» አለው።

ከሰዓት በኋላ ከደጅ ነበርን። ከምዕራብ በኩል ድምፁ መጣ። ልጁ አገዳውን ይዞ ሮጠ፤ ጎተራው ሥር ገባ። እኔ ዓይኔን በእጄ ከልዬ ቀና አልሁ፤ ወንድሜም በደህናው ጆሮው በኩል አንገቱን አዘነበለ።

«እማማ!» አለ ከጎተራው ሥር፣ «መስመር አለው?»

«አለው» አልሁት።

ጥቂት ቆየና ራሱን ብቅ አደረገ።